ከመጽሔት የሚገለበጥ ጌም

ዛሬ የአይሲቲ መምህራችን ስለ ድሮ የጌም መጽሔቶች ያስተማሩንን ላካፍላችሁ።

በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1982) እንግሊዝ አገር ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የሚባል የቤት ኮምፒውተር ወጣ። ከቲቪ ጋር ይገናኛል፤ ትልቁ ሜሞሪው 48 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ጌም የሚጫነው ከቴፕ ካሴት ነው። አንዳንድ መጽሔቶች ደግሞ የጌሙን ትእዛዝ በሙሉ ያትሙ ነበር። ልጆች እያዩ ይተይቡና ይጫወታሉ። ቋንቋው ቤዚክ ይባላል። ትእዛዙ በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ነው፦

10 «ሰላም» ብለህ ጻፍ
20 ወደ 10 ተመለስ

ኮምፒውተሩ ካላስቆሙት «ሰላም፣ ሰላም» እያለ ይቀጥላል። በ10 ፋንታ 100 ብንጽፍስ? 100 የሚባል መስመር ስለሌለ አንዴ ብቻ ጽፎ ይቆማል። በአንዲት ዜሮ!

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ባለፈው እትም የሒሳብ ጥያቄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ልጆች «መልሱ አልመጣልንም» ሲሉኝ ስቄባቸው ነበር። ለካ የመደመር ምልክቱን ማባዛት አድርጌዋለሁ! እነዚያ መጽሔቶችም ሲሳሳቱ በሚቀጥለው እትም እርማት ያወጡ ነበር። የእኔም ይኸው፦ 6 × 4 × 3 ሳይሆን 6 + 4 × 3 ነው፤ መልሱ 18። ይቅርታ አድርጉልኝ።