«ንፋስ መውጫ» በስምንት ቦታ፦ የፊደል ማሳያን ከቤት ሠራሽ ኮምፒውተር ጋር ስለማገናኘት

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ንፋስ መውጫ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ በብሬድቦርድ ላይ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ሠርቼ ነበር። ልቧ ዜድ80 ማይክሮፕሮሰሰር ነው፤ ሲሞስ የሆነው ዓይነት። አንድ ኢፕሮም፣ አንድ ራም፣ ባለ 4 ሜጋኸርዝ ክሎክ፣ ከዚያ ወዲያ ብዙም የላትም። ችግሯ ዲዳ መሆኗ ነው፤ የሠራችውን የምትናገረው በስምንት ኤልኢዲ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባለ 16 ዓምድ ባለ 2 ረድፍ የፊደል ማሳያ (ካራክተር ኤልሲዲ) ላገናኝላት ተነሣሁ። ያጋጠመኝን ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

በእነዚህ ማሳያዎች ላይ ያለው መቆጣጠሪያ የሂታቺው ኤችዲ44780 ወይም ከእሱ ጋር የሚስማማ ነው። ከ16ቱ እግሮች 1ኛው ግራውንድ፣ 2ኛው 5 ቮልት፣ 3ኛው ድምቀት (ኮንትራስት) ነው። 4ኛው አርኤስ፣ የመጣው ነገር ትእዛዝ ይሁን ፊደል ይለያል። 5ኛው አር/ደብልዩ፣ ማንበብና መጻፍን ይለያል። 6ኛው ኢ «አሁን ተቀበል» የሚል መቀስቀሻ ነው። ከ7 እስከ 14 ያሉት ከዳታ መስመሮቹ ጋር ቀጥታ ይሰካሉ፤ የቀሩት ሁለቱ የጀርባ መብራት ናቸው።

አርኤስን ከኤ0፣ አር/ደብልዩን ከኤ1 የአድራሻ መስመር ጋር አያያዝኳቸው። «የዜድ80 የመጻፊያ መስመር እያለ አድራሻን ምን አመጣው?» የሚል ይኖራል። አር/ደብልዩ ኢ ከመነሣቱ በፊት መርጋት አለበት፤ የመጻፊያው መስመር ግን ከአይኦአርኪው ጋር እኩል ነው የሚወርደው። አድራሻው ሁለቱንም ይቀድማል። ለኢ አይኦአርኪውንና ኤ7ን ወደ አንድ ኖር ጌት (74ኤልኤስ02) አስገባሁ፤ ሁለቱም 0 ሲሆኑ ኢ 1 ይሆናል። ስለዚህ ፖርት 0 ትእዛዝ መጻፊያ፣ ፖርት 1 ፊደል መጻፊያ፣ ፖርት 2 ሁኔታ ማንበቢያ ሆኑ። (ፖርት 2 ላይ በስህተት እንዳትጽፉ፤ ፕሮሰሰሩና ማሳያው በአንድ መስመር ላይ ይጋጫሉ።)

ኃይል ስሰጠው የላይኛው ረድፍ በጥቁር ሣጥኖች ተሞላ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተቃጠለ ይላል። አይደለም፤ ኤሌክትሪኩና ድምቀቱ ደህና ናቸው፣ ማስጀመሪያ ትእዛዝ ግን አልደረሰውም ማለት ነው። ትእዛዞቹ በቅደም ተከተል 00111000፣ 00001100፣ 00000110 እና 00000001 ናቸው።

ክሎኩን በ555 ቺፕ አዝግሜ ስሞክር ሁሉም ያምር ነበር። በ4 ሜጋኸርዝ ሲሆን ግን ዝብርቅርቅ። ሦስት ቀን ሙሉ ሽቦ ስነቅልና ስሰካ ከረምኩ፤ ጥፋቱ የሽቦ አልነበረም። ማሳያው አንዱን ፊደል ለመጻፍ ወደ 37 ማይክሮሴኮንድ፣ «አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ለመፈጸም ደግሞ ወደ 1.52 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። ዜድ80 በ4 ሜጋኸርዝ በዚያ ጊዜ 6000 ያህል ምት ይመታል፤ አንድ የመጻፍ መመሪያ ደግሞ 11 ምት ብቻ ነው። ሰውዬው ሳይውጥ እያጎረስኩት ነበር ማለት ነው። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ጽሕፈት በፊት ፖርት 2ን ማንበብ፣ ዲ7 1 ከሆነ ተመልሶ ደግሞ ማንበብ ነው። ኃይል እንደተሰጠ ግን ይህ ምልክት ገና አይታመንም፤ መጀመሪያ ቢያንስ 15 ሚሊሴኮንድ መጠበቅ ይገባል።

ሌላው የአገራችን ብርድ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ናትና ማለዳ ማለዳ ፊደሎቹ ይደበዝዙ ነበር። ፈሳሽ ክሪስታል ሲበርደው የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ባለ 10 ኪሎኦም ፖቴንሺዮሜትሯን ወደ ግራውንድ ጠጋ ማድረግ በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማሳያው ውስጥ የላቲን ፊደልና የጃፓኖቹ ካታካና አሉ፤ የእኛ ፊደል የለም። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ቢያስገባም ይህ ቺፕ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። የተሰጠን ራሳችን የምንስላቸው የስምንት ፊደሎች ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ 5 ነጥብ በ8 ረድፍ። በ01000000 ትእዛዝ ወደ መሳያው ገብቶ ለአንድ ፊደል 8 ባይት መጻፍ፣ ሲያበቁ በ10000000 ወደ ማሳያው መመለስ ነው። እኔ መመለሱን ረስቼ አንድ ማታ አጥቻለሁ።

«ንፋስ መውጫ» ስድስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ይበቃል። መ እንዲህ ወጣች፦

01010
10101
10101
01010

ውን ስስል ላይና ታቹን 01110 አደረግሁ፤ ለሳድስ ምልክቷ ከጎን ዓምድ ስላልቀረ ባዶው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳት። አያቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና «ንፋስ... መመጫ» አሉ። «መመጫ ምንድነው አንተ ልጅ?» ለካ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነጥብ ብቻ ኖሯል። መን በአራት ረድፍ አሳጥሬ፣ ውን ወደ ስድስት ሳስረዝም በትክክል አነበቡት።

በሁለተኛው ረድፍ (11000000) ምን ልጻፍ? «ስማዳ» ብል ማ እና ዳ ብቻ ይጨመራሉ፤ ስምንት ይሞላል። «እስቴ»ም እንደዚያው፣ እ እና ቴ። የራሳችን «ጋይንት» ግን ጋ፣ ይ እና ት ይጨምራል፤ ዘጠኝ! በአንዲት ፊደል ጎደለብኝ። አንዱን ቦታ አጥፍቶ ሌላ መሳል አያዋጣም፤ ቀድሞ ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደልም አብሮ ይለወጣል።

የማሳያውን የፊደል ሠንጠረዥ ስገለባብጥ 11000001 ላይ ያለችው የካታካና «ቺ» ዓይኔን ሳበችው። መስቀል ነገር ናት፣ አናቷ ላይ ዘንበል ያለ ጭረት ያላት፤ ከትችን ጋር መንታ ማለት ይቻላል። በቺ ተክቼ «ጋይንት» ብዬ ጻፍኩና እንደገና አያቴን ጠራሁ። ትን ሳይጠራጠሩ አለፏት። ጫ ላይ ግን ዛሬም ቅሬታ አላቸው፤ እውነት ለመናገር እኔም አልወደድኳትም።

ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው «ታዲያ <ላይ> የሚለው የት ሄደ? የእኛኮ ላይ ጋይንት ነው» አሉኝ። ለላ ቦታ የለም። ባለ 128 በ64 ነጥብ ግራፊክ ማሳያ ካገኘሁ ግን ፊደሉን ሁሉ በኢፕሮም ማስቀመጥ ይቻላል፤ እሱን ለመጪው ክረምት አቆይቼዋለሁ።