ጉልበቱን ለሚያስለውጥ ሰው የሚገባ ዝግጅት

በዚህ ወር ትምህርታችን፥ ሐኪም «ጉልበትህ መለወጥ አለበት» ብሎ ቀን የቆረጠለት ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ሊፈጽመው የሚገባውን ዝግጅት ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን። ብዙ ሰው ሥራው ሁሉ የሐኪሙ ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን የሥራው አንዱ ክፍል የበሽተኛው ነው፤ ይኸውም በይበልጥ የንጽሕና ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል። በጤነኛ ጉልበት ውስጥ የጭንና የቅልጥም አጥንት ጫፎች በለስላሳ ልም አጥንት የተሸፈኑ ናቸው። ይህ ሽፋን በዕድሜ ወይም በበሽታ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ ሰውየውም ለመነሣትና ደረጃ ለመውጣት ይቸገራል። ሐኪሙ የተበላሸውን የአጥንት ገጽ በስሱ ቆርጦ ያነሣና ብረት ያለብሰዋል፤ በመካከሉም ጠንካራ ፕላስቲክ ያኖራል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት የበሽታ ተሐዋስያን ናቸው። ቴሚስቶክሊስ ግሉክ የተባለው ሐኪም በ1890 እ.ኤ.አ. በበርሊን ከተማ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት በበሽተኛ እግር ውስጥ አኑሮ ነበር፤ ዳሩ ግን ቁስሉ ስለ መረቀዘ ሥራው ሳይጸና ቀረ። ለዛሬው ዐይነት መሠረት የሆነው ሰው ሠራሽ ጉልበት በ1974 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከተተከለ ወዲህ ጥበቡ እጅግ ተሻሽሏል፤ መመርቀዝም የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው። ቢሆንም ብረት እንደ ሕያው ሥጋ ደም ስለሌለው ተሐዋስያንን አይዋጋም። በብረቱ ላይ ከተጣበቁ ስስ ሽፋን አበጅተው ስለሚሸሸጉ መድኃኒት በቀላሉ አያገኛቸውም። ያን ጊዜ እንደ ገና ቀዶ ጥገና ማድረግ፥ አንዳንድ ጊዜም የገባውን ብረት ማውጣት ግድ ይሆናል።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ያየነውን እንናገር። ረጅም ጊዜ ተራ ሲጠብቁ የኖሩ አንድ ሽማግሌ፥ በእግራቸው ጣቶች መካከል የነበረውን ቁስል «ቀጠሮዬ ይተላለፍብኛል» ብለው ሰወሩት። በዕለቱ ጧት ነርሷ ካልሲያቸውን ስታወልቅ አየችው፤ ሐኪሙም ወደ ቤታቸው መለሳቸው። ሽማግሌው አለቀሱ፤ እኛም ወጣቶች ስለ ነበርን ሐኪሙን ጨካኝ አልነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ተመልሰው ታክመው፥ በእግራቸው ሲሄዱ ባየን ጊዜ ግን ሐኪሙ ውለታ እንደ ዋለላቸው ተረዳን።

እንግዲህ ታካሚው የሚከተለውን ይፈጽም።

አንደኛ፤ ቁስል፥ እብጠት፥ የተሰነጠቀ ተረከዝ፥ የተበላሸ ጥርስ ወይም በሽንት ጊዜ ማቃጠል ያለበት እንደ ሆነ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ሁለተኛ፤ የስኳር በሽታ ካለበት ስኳሩን ከብዙ ሳምንታት በፊት ጀምሮ ያስተካክል፤ በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ቁስል ቶሎ አይድንምና። ሲጋራም የሚያጨስ ከሆነ ከ4 ሳምንት ባላነሰ ጊዜ አስቀድሞ ይተው።

ሦስተኛ፤ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፥ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፥ ይናገር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፥ አስፕሪንም ጭምር፥ የሚቋረጥበትን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ባለፉት 3 ወራት በጉልበቱ ውስጥ መርፌ ተወግቶ እንደ ሆነም ያስታውቅ።

አራተኛ፤ ጭኑን ያበርታ። በጀርባው ተኝቶ እግሩን ይዘርጋ፤ ጉልበቱን ወደ አልጋው እየተጫነ እስከ 5 ቆጥሮ ይልቀቅ፤ ይህንንም 10 ጊዜ ይደጋግም።

አምስተኛ፤ በዋዜማው ማታና በዕለቱ ጧት ገላውን በሳሙና ይታጠብ፤ በታጠበ አንሶላ ይተኛ፤ ንጹሕ ልብስ ይልበስ። ከታጠበ በኋላ ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት አይቀባ። እግሩን በምላጭ አይላጭ፤ ምላጭ የሚያበጀው ጥቃቅን ጭረት ለተሐዋስያን መግቢያ ይሆናልና። ጠጕሩ መነሣት ካለበት በሆስፒታል ይነሣለታል። እህልና ውሃ የሚተውበትንም ሰዓት እንደ ታዘዘ ይጠብቅ።

ስድስተኛ፤ ቤቱን ያሰናዳ። ከፍ ያለና የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ያዘጋጅ፤ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ያንሣ። መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ ብለው የሚቀመጡበት ከሆነ ከፍ ያለ መቀመጫ ያሠራለት። አዲሱ ጉልበት ብዙውን ጊዜ እንደ ቀድሞው አጥፎ ለመቀመጥና ተንበርክኮ ለመስገድ አይመችምና፥ ይህንንም አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ቀጠሮ ቢተላለፍ የሚጠፋው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ቁስል ቢሸሸግ ግን አዲሱ ጉልበት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በሐኪም ፊት ምንም አንሰውር።