ኮሮላ ሸጦ መርሴዲስ መግዛት፦ ሒሳቡ ምን ይላል?

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ዘወትር የሚታይ አንድ ውሳኔ አለ። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ቤተሰብ ያገለገለች ኮሮላ ትሸጥና በላይዋ ገንዘብ ተጨምሮ ያገለገለ መርሴዲስ ይገዛል። የሚሰጠው ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው "ኮሮላዋ አርጅታለች፣ ጋራዥ መመላለስ ሰለቸን" የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው "ገንዘብ ባንክ ከሚተኛ መኪና ላይ ቢቀመጥ ይሻላል" የሚል ነው። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ይሁንና ብዙው ገዢ የሚያሰላው የመግዣውን ዋጋ ብቻ በመሆኑ፣ ከወራት በኋላ የሱቁ ዕቃ ሲሳሳና መርሴዲሱ ጋራዥ ሲቆም ስህተቱ የት ላይ እንደነበረ ይጠፋዋል።

ዋጋው ለምን አይወርድም?

በሌላው ዓለም መኪና በየዓመቱ ዋጋው የሚቀንስ ዕቃ ነው። በኢትዮጵያ ግን በብር ሲለካ ሲወጣ ይታያል። ምክንያቱ መኪናው በዕድሜው መሻሉ ሳይሆን፣ ተተኪውን ማስገባት እየከበደ መሄዱ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ታክሶች ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይሰላል። የጉምሩክ ቀረጥ ተከፍሎበት 100 ብር የደረሰ ዕቃ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ሲጨመርበት 600 ብር ይሆናል፤ በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 690 ብር ይደርሳል፤ ሱር ታክሱ ገና አልተቆጠረም። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጸ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ደረሰ።

በመሆኑም አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና አቅርቦት ተወስኗል፤ ባለቤቶቹም ጥቅሙን አግኝተዋል። እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት ግን ይህ ጭማሪ ለመርሴዲስ ብቻ የመጣ አለመሆኑ ነው። ኮሮላዋም፣ በሱቁ መደርደሪያ ያለው ዕቃም አብረው ወጥተዋል። ስለዚህ "መኪና ዋጋ ይጨምራል" ማለት ብቻውን ኮሮላን በመርሴዲስ ለመለወጥ ምክንያት አይሆንም።

ሳይከፈል የተከፈለ ወጪ

ለትምህርት ያህል አንድ የመርካቶ ነጋዴ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለሒሳብ እንዲመቹ የተያዙ ናቸው። ነጋዴው ኮሮላውን በ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ሸጦ በ3 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር መርሴዲስ ይገዛል። ልዩነቱን 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣው ከሱቁ መንቀሳቀሻ ነው።

ይህ 2 ሚሊዮን ብር በዓመት አራት ጊዜ ቢዞርና በእያንዳንዱ ዙር የተጣራ 5 በመቶ ቢያተርፍ 400 ሺህ ብር ያስገኝ ነበር። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን የታለፈ ዕድል ወጪ ይሉታል። ደረሰኝ የለውም፤ ማንም አይጠይቅበትም፤ ነገር ግን ከኪስ የወጣ ያህል ነው።

ቀጥሎ ነዳጅ አለ። መኪናው በዓመት 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ኮሮላ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር፣ ትልቅ ሞተር ያለው መርሴዲስ በከተማ መጨናነቅ 6 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ የመጀመሪያዋ 1,200፣ ሁለተኛው 2,000 ሊትር ይጠጣሉ። ሊትሩን በ120 ብር ብንይዘው ልዩነቱ 96 ሺህ ብር ነው። ለጥገና ለኮሮላዋ 60 ሺህ፣ ለመርሴዲሱ 180 ሺህ ብር ቢያዝ ልዩነቱ 120 ሺህ ይሆናል። ሙሉ መድን በመኪናው ዋጋ 2 በመቶ ቢታሰብ ደግሞ 40 ሺህ ብር ይጨምራል።

ሲደመር የለውጡ ዋጋ በዓመት 656 ሺህ ብር፣ በወር ወደ 55 ሺህ ብር ገደማ ነው። "የመኪናው ዋጋ ያካክሰዋል" የሚል ይኖራል። ሁለቱም መኪኖች በዓመት 10 በመቶ ዋጋቸው ቢጨምር፣ መርሴዲሱ በ350 ሺህ፣ ኮሮላዋ በ150 ሺህ ይወጣሉ። የለውጡ ጥቅም ልዩነቱ ብቻ፣ ማለትም 200 ሺህ ብር ነው። ቀሪው 456 ሺህ ብር ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሒሳቡ እኩል እንዲመጣ የሁለቱም ዋጋ በየዓመቱ ከ32 በመቶ በላይ መጨመር ይኖርበታል። የመኪና ዋጋ በዚያ ፍጥነት ሲወጣ ደግሞ የሱቁ ዕቃ ባለበት የሚቆም አይደለም።

ሻጭ የሚያውቀው፣ ገዢ የማያውቀው

አሜሪካኖች ውስጧ ችግር ያለባትን ያገለገለች መኪና "ሎሚ" ይሏታል። የኢኮኖሚ ምሁሩ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ስያሜ ይዞ፣ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢ በማያውቅበት ገበያ ምን እንደሚከተል አሳየ። ገዢው ሁሉንም ስለሚጠራጠር አማካይ ዋጋ ብቻ ያቀርባል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ በገበያው የሚበዙት ሎሚዎቹ ይሆናሉ። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ምሁራን አንዱ ሆኗል።

ኮሮላ ላይ ይህ ችግር ይቀላል። ሠፈር ያለ መካኒክ ሁሉ ያውቃታል፤ መለዋወጫዋም ሶማሌ ተራ በየሱቁ አለ። የቅንጦት መኪና ግን ጉድለቱ በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ይደበቃል። ለምሳሌ ከ2002 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተሠሩት "ደብልዩ 211" የሚባሉት ኢ ክላስ መርሴዲሶች በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የፍሬን ሥርዓት አላቸው። ፋብሪካው በ2004 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሥርዓት ምክንያት 680 ሺህ መኪኖችን ለእርማት ጠርቷል። የፍሬኑ ክፍል ፔዳሉ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ የተመደበለት ቁጥር ሲሞላም ማስጠንቀቂያ ያበራል። ፍሬን በኮምፒዩተር የሚለካ እንጂ በዓይን የሚታይ አይደለምና፣ ያለ ምርመራ መሣሪያ መግዛት በጨለማ መግዛት ነው።

ከመፈረም በፊት

ደላላ ገዢና ሻጭን በማገናኘት ትልቅ ሥራ ይሠራል። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ግን ሽያጩ ሲፈጸም ነው። ስለዚህ መካኒኩን ደላላው ሳይሆን ገዢው ራሱ መምረጥ አለበት። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከር ይኖርበታል። የቅንጦት መኪኖች ከቀረጥ ነፃ መብት ባላቸው ሰዎችና ድርጅቶች ሊገቡ ስለሚችሉ፣ ቀረጡ መከፈሉን በዲክላራሲዮን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልተከፈለ ዕዳው ስም ሲዛወር ይመጣል። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩም ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ይጣራ።

መድን ላይ የሚፈጸም ስህተትም አለ። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በድሮው ዋጋ በ2 ሚሊዮን ብር መድን ቢገባና 400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ዋስትናው የዋጋውን ግማሽ ብቻ ስለሆነ ካሣውም ወደ 200 ሺህ ብር ሊወርድ ይችላል። ዋጋ ሲወጣ የመድኑም መጠን መታደስ ይገባዋል።

መቼ ያዋጣል?

ይህ ሁሉ ሲባል አሮጌ መኪና ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ኤርባግ የሌላት፣ ላሜራዋ የበላ፣ በሳምንት አንድ ቀን የምትቆም መኪና የቤተሰብን ደኅንነትና የሥራን ቀን ታስከፍላለች። ከዚያች መውጣት ተገቢ ነው። ነገር ግን መውጫው መርሴዲስ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜዋ ያነሰ ሌላ ኮሮላም አለች።

መርሴዲሱ የሚያዋጣው ገንዘቡ ከመንቀሳቀሻ ሳይነካ ሲገኝ፣ ከመግዣው በተጨማሪ ቢያንስ አሥር በመቶው ለጥገና ተለይቶ ሲቀመጥ፣ በችኮላ የመሸጥ ስጋትም በሌለበት ነው። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ኮሮላ ለገበያ ስትወጣ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ታክሲ ነጂውም ገዢዋ ነው። የመርሴዲስ ገዢ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ገዢ ደግሞ የሻጩን ችግር ሲያይ ዋጋ ይሰብራል። የባንክ ዕዳ የደረሰበት ነጋዴ ዋጋው ወጥቷል ብሎ የተመካበትን መኪና በወረቀት ላይ ባለው ዋጋ ላይሸጠው ይችላል።

መኪናውን ለክብርና ለምቾት የሚገዛ ሰው መብቱ ነው፤ ወጪውን የክብርና የምቾት ወጪ ብሎ ይመዝግበው። ከሱቁ ገንዘብ አውጥቶ "ኢንቨስትመንት ነው" የሚል ግን፣ ነገ ዕቃ ለመሙላት ሲበደር የአባቶች ተረት ይደርስበታል፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።