ከማስተማር በፊት መማር



በመቱና በጎሬ የምንኖር የካቶሊክ ወጣቶች በቁጥር ጥቂት ነን። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ናቸው። ስለ እምነታችን ሲጠይቁን መልስ መስጠት ይገባናል፤ ነገር ግን ጎረቤትን በክርክር ብቻ ማወቅ ይቻላልን? ይህን ጥያቄ ይዘን የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን ሕይወት እናጥና።

እኚህ አባት እ.ኤ.አ. በ1800 በኢጣሊያ አገር ተወልደው፣ በ1839 ዓድዋ ገቡ። ኢየሱሳውያን በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ከተባረሩ ወዲህ የካቶሊክ ካህን በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። እሳቸው ግን ለክርክር አልቸኮሉም። የአገሩን መነኵሴ ልብስ ለበሱ፤ ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ አጠኑ፤ የግዕዙንም ሥርዓተ ቅዳሴ ያዙ። የተማረ አውሮፓዊ ካህን በ39 ዓመቱ ፊደል ሲቆጥር ማየት ለአገሬው ሰው እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም! ሕዝቡም ኋላ አቡነ ያዕቆብ አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ አቡን ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ እሳቸውም አብረው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ መነኵሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በመጻሕፍት እውቀታቸው ግን የታወቁ ሊቅ ናቸው። እንዲህ ያለ ሊቅ በክርክር በቀላሉ አይረታም። ጉዞው ግን ረጅም ነው፤ ካይሮ፣ ሮማ፣ ኢየሩሳሌም። በመንገድ፣ በማዕድና በጸሎት ሰዓት ሊቁ እንግዳውን ሰው አዩት። አንዱ ዓይናቸው ለዚህ በቃቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ በ1851 ከእኚሁ አባት እጅ ክህነት ተቀበሉ፤ በ1855 ስለ እምነታቸው ታስረው ሳሉ ሞቱ። በ1926 ብፁዕ ተብለዋል። መምህራቸው በ1860 አርፈው በኤርትራ ሄቦ ተቀበሩ፤ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛም በ1975 ቅድስናቸውን አወጁ።

ነገሩን ወደ ኢሉባቦር እናምጣው። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሰዎች ወደዚህ መጥተው ሰፍረዋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከመካከላችን አማርኛ ብቻ የሚናገር ወጣት የጎረቤቱን እናት ጤንነት በኦሮምኛ ሊጠይቅ ይችላልን? ኦሮምኛ ተናጋሪውስ የሰፋሪውን አባት የመጣበትን አገር ታሪክ ጠይቆ ያውቃልን?

ለሚመጣው እሑድ እያንዳንዳችን ከእኛ የተለየ እምነት ያለውን አንድ ጎረቤት ስለ ጾሙ ወይም ስለ በዓሉ ጠይቀን፣ መልሱን ሳናቋርጥ ሰምተን፣ በደብተራችን ጽፈን እንምጣ። ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆይ።