የንግድ ሰነዶችን በስካነር አንሥቶ ስለ ማስቀመጥ

ለነጋዴ ሰነዱ ምስክሩ ነው። ዕቃው ተሸጦ ሒሳቡ ከተከፈለ በኋላ ሥራው በትክክል መፈጸሙን የሚያስረዳው በመዝገብ ቤት የተቀመጠው ወረቀት ነው። ወረቀት ግን ይጠፋል፤ ይቃጠላል። በተለይም የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለ ሆነ፥ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ጽሕፈቱ እየደበዘዘ ሄዶ ሊነበብ የማይችል ይሆናል። የግብር መርማሪ በመጣ ጊዜ የማይነበብ ደረሰኝ ማቅረብ የወጣውን ወጪ እንዳልወጣ ሊያስቈጥር ይችላል።

ስለዚህ ሰነዶችን በስካነር አንሥቶ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ሥራው የሚጠቅመው ግን ሥርዓት ሲኖረው ብቻ ነው፤ ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፥ መለየት። ሰነዱ በዓይነቱ ይደረደራል፤ ስፒሉ ይነቀላል፤ የሚደበዝዙት ደረሰኞች በቅድሚያ ይነሣሉ።

2ኛ፥ ማንሣት። ለጽሕፈት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃል። ማኅተምና ፊርማ ያለበት በቀለም ይነሣ፤ በጀርባው የተጻፈም አይዘለል። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ሰነድ በ2005 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ፒዲኤፍ ኤ የተባለው ዓይነት ይመረጣል።

3ኛ፥ ስም መስጠት። ብዙው ስሕተት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፥ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ኮምፒዩተር ግን ፊደሉን እንጂ ድምፁን ስለማይመለከት፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቍጥር መስጠት ይሻላል። እንዲሁም አንዱ ሰነድ በአውሮፓ፥ ሌላው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ስለሚጻፍ፥ ድርጅቱ ለፋይሉ ስም አንዱን መርጦ በዚያው ይጽና። ዓመቱ፥ ወሩና ቀኑ በዚህ ተራ ቢጻፉ፥ ይኸውም «2017-03-12-ኢንቮይስ-0045» እንደ ማለት፥ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይደረድራቸዋል።

4ኛ፥ ማመሳከር። የወረቀቱና የምስሉ ቍጥር እኩል መሆኑ፥ ምስሉም መነበቡ ይረጋገጣል።

5ኛ፥ ማባዛት። አንዱ ቅጂ ከሱቁ ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ አንድ እሳት ሁለቱን እንዳያጠፋ ነው።

ሥራውን ለውጭ ድርጅት የሚሰጥ ነጋዴ አስቀድሞ አንድ ሣጥን ሰነድ ሰጥቶ ሥራውን ይመልከት። ሰነዱን በዝርዝር ቈጥሮ ያስረክብ፤ ምስጢር ስለ መጠበቅም በውል ያስጽፍ።

በመጨረሻም ምስሉ ስለ ተገኘ ዋናው አይጣል። ለትእዛዝ የተጻፈን ቢል ኦፍ ሌዲንግ ምስል ብቻ ይዞ ወደብ የሄደ አስመጪ ዕቃውን ለመረከብ መብት የለውም፤ መብቱ ያለው በዋናው ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መረጃ ሕጋዊ ዕውቅና ቢሰጥም፥ ማናቸውም ዋና ሰነድ ይቃጠል ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መዝገብና ደብዳቤ 10 ዓመት እንዲጠበቅ ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ስለ ተተካ፥ ዛሬ የሚያስገድደውን የጊዜ ልክ ከሕግ ዐዋቂ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

የተፈለገበትን ሰነድ ሳይዘገይ አውጥቶ የሚያሳይ ነጋዴ በባንክም በጉምሩክም ዘንድ ሥራው ይቃናለታል።