ባሪያ አሳዳሪው በራሱ ላይ ሲመሰክር፦ የቴዎዶር ዌልድ ሕይወትና መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ባርነት እንዲቀር የሚሟገቱ ሰዎች በሄዱበት ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይገጥማቸው ነበር። ስለ ጅራፉ፣ ስለ ሰንሰለቱ፣ ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ ስለሚሸጠው ሕፃን ሲናገሩ አድማጩ «አጋናችሁት» ይላቸዋል። ደቡብን ጎብኝቶ የተመለሰ እንግዳም ባሪያዎቹ ጠግበው ሲበሉና ሲዘፍኑ አይቻለሁ ብሎ ይመሰክራል። ከዚያ ደግሞ የማይረታ የሚመስል ጥያቄ ይከተላል፤ በገንዘቡ የገዛውን ንብረት በገዛ እጁ የሚያበላሽ ሰው የት አለ? እንዲህ ላለው ሰው ቁጣም እንባም መልስ አይሆንም። የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። ያንን ማስረጃ አሰባስቦ በአንድ መጽሐፍ ያሰናዳው ቴዎዶር ዌልድ ነበር።

ዌልድ በ1803 በኮነቲከት ግዛት ሃምፕተን በተባለች መንደር ከአንድ የፕሮቴስታንት ፓስተር ተወለደ። በወጣትነቱ የታዋቂውን ሰባኪ የቻርልስ ፊኒን ትምህርት ተከተለ። ኃጢአት መሆኑ የታወቀን ነገር ለነገ ሳያሳድሩ መተው ይገባል የሚለውን እምነት ወስዶ ባርነትን መዘነበት። በ1834 በሲንሲናቲ ከተማ በሌን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሲማር፣ ለ18 ምሽቶች የዘለቀ ክርክር መራ። ጥያቄዎቹ ሁለት ነበሩ፦ ባርነት ወዲያው ይቅር ወይ? ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ወደ አፍሪካ መላክስ ክርስቲያን ሊደግፈው የሚገባ ነገር ነው ወይ? በእነዚያ ምሽቶች ከሁሉ በላይ ጉባኤውን የያዘው ያዩትን የተናገሩት ሰዎች ቃል ነበር። ባሪያ አሳዳሪ ቤት ያደጉ የደቡብ ልጆች የቤታቸውን ጉድ አወጡ። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ የተሸጠውና በኋላ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ነፃነቱን የገዛው ጄምስ ብራድሊም ስለ ራሱ ተናገረ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ እንዲህ ያለ ውይይት ሲከለክል አብዛኞቹ ተማሪዎች ጥለው ወጡ። ብዙዎቹም ጥቁር ተማሪዎችን ለመቀበል ወደ ተስማማው ኦበርሊን ኮሌጅ ገቡ።

ዌልድ ግን ወደ ትምህርት አልተመለሰም። የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ወኪል ሆኖ በኦሃዮ፣ በፔንስልቬንያና በኒው ዮርክ ከከተማ ከተማ እየዞረ አስተማረ። እንቁላልና ድንጋይ ወረደበት፤ እሱ ግን ሕዝቡ እስኪሰማው ድረስ በየምሽቱ እየተመለሰ ይቆም ነበር። በ1836 ድምፁ ተዘጋ። አደባባይ ቆሞ መናገር ሲሳነው ብዕር ያዘ።

በግንቦት 1838 አንጀሊና ግሪምኬን አገባ። አንጀሊናና እህቷ ሣራ በደቡብ ካሮላይና የቻርልስተን ከተማ የአንድ ባሪያ አሳዳሪ ዳኛ ልጆች ነበሩ። ባርነትን በመጥላት ቤታቸውንና አገራቸውን ትተው ወደ ሰሜን መጥተዋል። ከሠርጉ በኋላ በሁለተኛው ቀን አንጀሊና በፊላደልፊያ አዲስ በተከፈተው የፔንስልቬንያ አዳራሽ ስትናገር፣ ውጭ የተሰበሰበው ሰው መስኮቱን በድንጋይ ያደቅቅ ነበር። በማግስቱ ማታ አዳራሹ በእሳት ወደመ።

ዌልድና ሁለቱ እህትማማቾች በኒው ጀርሲ ፎርት ሊ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሥራቸውን ጀመሩ። ዌልድ ኒው ዮርክ ካለ የንግድ ንባብ ቤት ተነበው የተጣሉ የደቡብ ጋዜጦችን እየገዛ ያመጣል። እህትማማቾቹ ለስድስት ወራት ያህል ያን ሁሉ ክምር ገጽ በገጽ እያነበቡ፣ የሚያስፈልገውን በመቀስ እየቆረጡ ለዩ። የተመለከቱት ጋዜጣ ከ20 ሺህ ቅጂ በላይ ነበር። የሚፈልጉት በየዕለቱ የሚታተመውን የጠፋ ባሪያ ማስታወቂያ ነው።

ከእነዚህ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በ1838 በሰሜን ካሮላይና በራሊ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ማይካጃ ሪክስ የተባለ ሰው፣ አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ እንደጠፋችበት ያስታውቃል። መለያዋን ሲናገር፣ ከመጥፋቷ ጥቂት ቀናት በፊት የግራ ጉንጯን በጋለ ብረት እንዳቃጠላት፣ ኤም የሚለውን ፊደል ሊያትምባት እንደሞከረ ይገልጻል። አያፍርም፣ ምክንያት አያቀርብም። ሌሎቹ ማስታወቂያዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ አንዱ አንገት ላይ ስላለ የብረት ቀለበት፣ ሌላው ጀርባ ላይ ስላለ የጅራፍ ሰንበር ይናገራል።

ይህን ማስረጃ ጠንካራ የሚያደርገው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ንብረቱን እየፈለገ ነው እንጂ በደሉን እየተናዘዘ አይደለም። መለያውን አሳስቶ ቢናገር የሚጎዳው ራሱ ስለሆነ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛ፣ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ራሱ አስፍሯል፤ የተጠራጠረ ሰው ጋዜጣውን ከፍቶ ማየት ይችላል። ሦስተኛ፣ ጎረቤቶቹ በሚያነቡት ጋዜጣ ላይ ያለ ይሉኝታ ማውጣቱ ሌላ እውነት ይነግረናል። የሕዝብ አስተያየት ጭካኔን ይገታል ይባል የነበረው ከንቱ እንደሆነ ያሳያል።

«ንብረቱን ማን ያበላሻል?» ለሚለውም ዌልድ በትዕግሥት መልስ ሰጥቷል። ጥቅም ሰውን ሁልጊዜ አይገዛውም፤ የተቆጣ ሰው የራሱን በሬ ሲደበድብ ኪሳራውን አያሰላም። ደግሞም ያረጀውንና የታመመውን ባሪያ በደንብ መያዝ ለጌታው ትርፍ አያመጣም። ባሪያን ለጊዜው የተከራየ ሰው ስለ ነገው ጤንነቱ አይጨነቅም። ክፍያው በምርቱ መጠን የሚተመንለት አለቃም ከባሪያው ዕድሜ ይልቅ የዓመቱን ጥጥ ያስባል።

«የአሜሪካ ባርነት እንዳለ፦ የአንድ ሺህ ምስክሮች ቃል» የተባለው መጽሐፍ በ1839 ታተመ። አንባቢውን እንደ ችሎት ፈራጅ አስቀምጦ ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሥራው ሰዓትና ስለ ቅጣቱ ምስክሮችን በተራ ያቀርብለታል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 100 ሺህ ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1842 ስለ አሜሪካ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ከእነዚያ ማስታወቂያዎች በርካታዎቹን አስገባ። ሃሪየት ቢቸር ስቶውም በ1852 የወጣውን «የአጎት ቶም ጎጆ» የተባለ ልብ ወለድ ስትጽፍ ከመጽሐፉ ተጠቅማለች።

መጽሐፉ ጉድለትም አለው። ከምስክሮቹ አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። በደቡብ ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ በፍርድ ቤት መመስከር አይችልም ነበር፤ የሰሜኑም አንባቢ ቢሆን ከተበዳዩ ይልቅ የበዳዩን ቃል ያምናል። ዌልድ ይህን አውቆ ሠራበት። ነገር ግን ባርነት ምን እንደሆነ ከውስጥ ሊናገር የሚችለው የተሸከመው ሰው ነው። ይህንንም ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ለዓለም አሳየ።

ዌልድ ከምስክሮቹ ሁሉ ስምና አድራሻ ሲጠይቅ የራሱን ስም በመጽሐፉ ላይ አላወጣም። ከ1841 ጀምሮ ዋሽንግተን ተቀምጦ፣ የፀረ ባርነት አቤቱታዎች በምክር ቤት እንዳይታዩ የሚያግደውን ደንብ ይታገሉ ለነበሩት ለምክር ቤቱ አባል ለጆን ኩዊንሲ አዳምስና ለጓዶቻቸው መረጃ አቀረበ። ደንቡ በ1844 ተሻረ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1868፣ አንጀሊና ወንድሟ በባርነት ከያዛት ሴት የወለዳቸው ልጆች እንዳሉ ስታውቅ፣ ዌልድና እህትማማቾቹ እንደ ዘመድ ተቀብለው በትምህርታቸው ረዷቸው። ከእነሱም አርቺባልድ ታዋቂ ጠበቃ፣ ፍራንሲስ ታዋቂ ፓስተር ሆኑ። ዌልድ በ1895 በ91 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ ሰው ሥራ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ግፍ ልማድ በሆነበት ቦታ ግፈኛው አይደበቅም፤ በመዝገቡ፣ በሒሳቡ፣ በማስታወቂያው ሥራውን በገዛ እጁ ይጽፋል። «አጋናችሁት» የሚባል ተሟጋች ድምፁን ከፍ ከማድረጉ በፊት ያንን ጽሑፍ ፈልጎ፣ ቀኑንና ቦታውን ሳያዛንፍ፣ በአንባቢ ፊት ማቅረብ አለበት። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ዌልድና ሁለቱ እህትማማቾች እንዳሳዩት፣ ከበዳዩ አፍ የወጣውን ቃል በዳዩ ራሱ ሊያስተባብለው አይችልም።