አንገቷን ያጣመመው ምንድን ነው?

በዛሬው የጤና ትምህርታችን ብዙዎቻችን የምንፈራውንና የምንደብቀውን ነገር እናነሳለን።

አንዲት እህታችን በጭንቀትና በድምፅ መስማት ታማ ሐኪም ቤት ሃሎፔሪዶል የሚባል መርፌ ተወጋች። በማግስቱ አንገቷ ወደ ጎን ተጠመዘዘ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ። መዳሟ «እያስመሰለች ነው» አለች። አብረዋት ያሉት ልጆች ደግሞ «ይሄማ የበሽታ አይደለም» ብለው ኪኒኗን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። ሁሉም ተሳስተዋል። ያጣመማት መድኃኒቱ ነበር። ሐኪም ጋ ስትመለስ ማፍታቻ መርፌ ሰጧት፣ ወዲያው ለቀቃት።

እነዚህ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ይቀንሳሉ። ድምፅ መስማቱ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ግን ዶፓሚን እንቅስቃሴንም ስለሚያዝ አንዳንዱ ሰው ይገትረዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። ለዓመታት የወሰደ ሰው ደግሞ አፉና ምላሱ ሳያዝዘው ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ታዲያ አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን ይተወዋል? አንዱ ምክንያት ከእናት ከአባት የምንወርሰው ዘር ነው። ጉበታችን ውስጥ ሃሎፔሪዶልን ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አንዱ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ ይባላል (ስሙን መሸምደድ አያስፈልግም)። ይህ ኢንዛይም ደካማ የሆነበት ሰው ያው ኪኒን ደሙ ውስጥ ይጠራቀምበታል፣ ለመገተርም የተጋለጠ ይሆናል። በጣም ፈጣን የሆነበት ደግሞ መድኃኒቱ ቶሎ ያልቅበታል፤ «አልዋጠችም» ተብላ የምትታማው ውጣም ሊሆን ይችላል።

ይሄ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 29 ያህሉ የዚህ ዘር ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓ ግን ከ100 አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ደካማው ዓይነት በተቃራኒው እኛ ዘንድ ጥቂት፣ አውሮፓ ውስጥ በዛ ያለ ነው።

ስለዚህ «እኛን አይነካንም» እንዳትሉ። የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን፣ ዕድሜም አለበት፤ ከዘር የሚመጣውም ይህ አንድ ብቻ አይደለም። ደግሞ ፍሉኦክሴቲን የሚባለው የድብርት ኪኒን ይህንኑ ኢንዛይም ያግደዋል። ሃሎፔሪዶል ተስማምቷት የቆየች ሴት ፍሉኦክሴቲን ሲጨመርላት ልትገተር ትችላለች ማለት ነው።

እንግዲህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የራስ ምታቱንም ሳይቀር፣ ሣጥኑን ይዛችሁ አሳዩ። ከዚህ በፊት የገተራችሁ መድኃኒት ካለ፣ ወይም እናት፣ እኅት፣ ወንድም ላይ ደርሶ ከነበረ ተናገሩ። ዓረብኛው ካልሞላላችሁ የምታውቅ እህት ይዛችሁ ሂዱ። መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል። በገዛ እጅ ድንገት ማቆም ግን ሕመሙን መልሶ ይጠራል።

መገተር ከከባድ ትኩሳትና ከመዘባረቅ ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። መድኃኒቱን ሳትደግሙ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።